ከካቢኔቱ ጎን የምትቀረው ክፍተት

የኪችን ካቢኔት ያሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ክፍተት አለች። ካቢኔቱ ተገጥሞ፣ አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ባለቤቱ ቀሪውን ክፍያ ሊቆጥር እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ በመጨረሻው ሳጥንና በግድግዳው መካከል ትታያለች። አንዳንዴ ሁለት ጣት ታስገባለች፣ አንዳንዴ ሙሉ ክንድ። ማንኪያ ከወደቀባት አይወጣም፤ በረሮ ከገባባት ደግሞ ጨርሶ አይወጣም።

ይህች ክፍተት ለጋዜጣ ዓምድ የማትበቃ የምትመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም አፓርትመንት ተረክቦ ቤቱን ራሱ የሚያጠናቅቅ ሰው ለካቢኔቱ የሚያወጣው ገንዘብ ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ነው። በሕግ ሙያ የቆየ ሰው ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ጉዳዩን ይዞ ሲመጣበት፣ ከጠቡ ሥር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህችኑ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከየት እንደምትመጣ፣ ምን እንደሚደረግባትና ገንዘቡን ማን መሸከም እንዳለበት አንድ በአንድ ብናይ ጊዜ ማባከን አይሆንም።

ከየት እንደምትመጣ እንጀምር። ካቢኔት በፋብሪካም ሆነ በሠፈር ወርክሾፕ ሲሠራ ሳጥን ነው፤ ሳጥን ደግሞ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጥጉ ዘጠና ዲግሪ የሆነ ነገር ነው። ግድግዳችን ግን እንደዚያ አይደለም። በብሎኬት ተገንብቶ በእጅ የተለሰነ ግድግዳ አንድ ቦታ ሆዱ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ይጎድባል፤ ወለሉ ላይና ኮርኒሱ ሥር ሲለካ የሁለት ወይም የሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀጥ ያለ ሳጥን ቀጥ ካላለ ግድግዳ ጎን ሲቆም ከአንዱ ጫፍ ይነካል፣ ከሌላው ይከፈታል። እዚህ ላይ የአናጢውም የግንበኛውም ወገን እውነት አለው። “ጋሼ፣ ካቢኔቱ ልክ ነው፤ ግድግዳው ነው የጠመመው” የሚለው አናጢ አይዋሽም። ነገር ግን ግድግዳው የጠመመው ካቢኔቱ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ሲለካም ጠማማ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ የመለኪያ ቁጥሮች ናቸው። ከቱርክና ከቻይና ተገጣጣሚ ሆነው የሚመጡት ካቢኔቶች በተወሰኑ ስፋቶች ይሠራሉ፤ 30፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 80፣ 90 ሳንቲ ሜትር እያሉ ይሄዳሉ። ግድግዳዎ 287 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና 60 ለስቶቭ፣ 80 ለዕቃ ማጠቢያው፣ ሁለት ባለ 60 ደግሞ ለዕቃ ማስቀመጫ ቢመድቡ 260 ይሞላል፤ 27 ሳንቲ ሜትር ሜዳ ላይ ይቀራል። ሃያ ሰባት ደግሞ የትኛውም ሳጥን የማይሞላው ክፉ ቁጥር ነው።

በአንድ መጠን ተሠርቶ የሚገጠም ወጥ ቤት የቅርብ ጊዜ ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለችው ኦስትሪያዊት አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 የነደፈችው “የፍራንክፈርት ወጥ ቤት” ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ44 ገደማ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉ ነገር በቦታው ተሰክቶ የተሠራ ሲሆን፣ በፍራንክፈርት ከተማ በተገነቡ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ተገጥሟል። እዚያ ቤቱም ካቢኔቱም በአንድ ሐሳብ ስለተነደፉ እርስ በርስ ተጣጣሙ። እኛ ዘንድ ቤቱን አንዱ ይሠራል፣ ሴራሚኩን ሌላው ይለጥፋል፣ ካቢኔቱን ሦስተኛው ያመጣል፤ ሦስቱም በአንድ ቀን አይገናኙም።

ሦስተኛው ምንጭ ቅደም ተከተል ነው፤ በእኔ አስተያየት ብዙውን ጥፋት የሚያመጣውም እርሱ ነው። ካቢኔቱ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ይለካል። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው ወይም ከነሲሚንቶው በአንድ ወገን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሊወስድ ይችላል፤ በሁለቱም ወገን ከተለጠፈ አራት ሆነ ማለት ነው። ባለሙያው ይህን ፈርቶ አጥብቦ ይቆርጥና ሴራሚኩ ካቢኔቱ እስከሚያርፍበት ድረስ ሳይለጠፍ ሲቀር ቦታው ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴራሚኩ አልቆ ሳይደርቅ ሜትር አይዘርጋ።

አለካኩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ወገብ ላይ ለክቶ ቁጥር ጽፎ የሚሄድ ሰው ሥራውን አልሠራም። ቢያንስ ወለሉ ላይ፣ በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የላዩ ግራናይት በሚያርፍበት፣ ከዚያም በ1 ሜትር ከ50 እና በ2 ሜትር ከ10 አካባቢ የላይኛው ካቢኔት በሚሰቀልበት መለካት አለበት፤ ይህም ሁሉ ግድግዳው ሥርና 60 ሳንቲ ሜትር ወደፊት መጥቶ ነው። ከተገኙት ቁጥሮች መካከል ለሳጥኖቹ የሚያዘው ትንሹ ነው። የቀረው ልዩነት ኋላ በምናየው ማሟያ ይዘጋል። የጥጉን ቀጥታነት ለማወቅ ደግሞ ትልቅ ስኳድራ አያስፈልግም፤ ከጥጉ ተነስተው በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይለኩ። 100 ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው። 102 ወይም 98 ከመጣ ለአናጢው አስቀድመው ይንገሩት፤ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መንገር ክርክር መክፈት ነው።

አሁን ክፍተቷ አለች እንበል። በመጀመሪያ የሚጠየቀው እንዴት ትዘጋ የሚለው ሳይሆን መዘጋት አለባት ወይ የሚለው ነው። ሆን ተብለው የሚተዉ ክፍተቶች አሉና። ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ የቆመ ሳጥን በሩ ሲከፈት እጄታው ግድግዳውን ይመታል፤ መሳቢያ ከሆነም ጥጉ ላይ ካለው ከሌላኛው መስመር እጄታ ጋር ይጋጫል። ለዚህ ነው በጥግና በግድግዳ በኩል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚተወው። ጥሩ ባለሙያ ይህን ቦታ ይተዋል፣ ፊቱን ግን በካቢኔቱ ቀለም ይሸፍነዋል። ደካማው ይተዋል፣ አይሸፍነውም። ሁለቱም “ለበሩ ብዬ ነው” ይላሉ።

ፍሪጅም እንደዚሁ። ፍሪጅ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው፣ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ደግሞ በጎናቸው ጭምር ይተፋሉ። በሁለት ጣውላ መካከል ጠብቆ የታሰረ ፍሪጅ ሙቀቱን የሚጥልበት ስለሚያጣ ሞተሩ ደጋግሞ ይነሳል፤ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይናገራል፤ ያንን ቁጥር ለአናጢው በጽሑፍ ይስጡት። ማጠፊያው በግድግዳው በኩል የሆነ ፍሪጅ ደግሞ በሩ ከዘጠና ዲግሪ በላይ ካልተከፈተ የአትክልት መሳቢያው ላይወጣ ይችላል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ስታብላይዘር ደብቀው የሚዘጉ ሰዎችም አሉ፤ ስታብላይዘር ራሱ ይሞቃልና ይህ ሊደረግ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጋዝ ነገር ነው። ሲሊንደሩን በካቢኔት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቤቱን አሳምሮ ለማሸግ ሲል እያንዳንዷን ቀዳዳ ይደፍንና በገዛ እጁ አደጋ ያከማቻል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደር ያለበት ሳጥን ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ አየር የሚያስተላልፍ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ጎማውና መዝጊያውም በእጅ የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው። ለማማር ብሎ ይህን የሚደፍን ባለሙያ ከገጠመዎት ያስቁሙት። በስቶቩና በላይኛው ሁድ መካከልም ርቀት አለ፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪክ 65፣ ለጋዝ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይጠይቃሉ። የእርስዎ ማሽን መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው የሚሠራው እርሱ ነው።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ። በወጥ ቤቱ ጥግ ቁልቁል የሚወርደው የፍሳሽ ቧንቧ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ የላይኛውም የታችኛውም ጎረቤት ነው። በካቢኔትና በጣውላ አሽገው ከቀበሩት፣ በፈነዳ ቀን የሚሰበረው የእርስዎ ካቢኔት ነው። በብሎን የሚፈታ መሸፈኛ ይበቃል።

ከእነዚህ ውጪ ያለችው ክፍተት ሁለት ዕጣ አላት፤ ወይ ትሠራለች፣ ወይ ትዘጋለች።

ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነች ብትሠራ እመርጣለሁ። የውጭ አገር መጽሔቶች እንዲህ ባለው ቦታ ተስቦ የሚወጣ የቅመም መደርደሪያ ያሳዩናል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሚንሸራተተው ብረቱ ውድ ነው፤ በርካሽ የተገዛ እንደሆነ በዓመቱ ይነክሳል። የእኛ ወጥ ቤት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አለው። ሰፌዱ፣ ትልቁ ትሪ፣ መክተፊያው፣ የምጣዱ አክንባሎ የት ይቀመጣሉ? እነዚህ ሰፊና ስስ ዕቃዎች ናቸው፤ በመደበኛ ሳጥን ውስጥ ተኝተው ቦታ ይጨርሳሉ፣ ወይም ከፍሪጁ አናት ላይ አቧራ ይጠጣሉ። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነውና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መደርደሪያ የሌለው፣ በመካከሉ አንድ ቁም ጣውላ ያለበት ክፍት ቦታ ሰፌድና ትሪ አቁሞ ለመያዝ ይመቻል። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ27ቱ 20ው ለዚህ ከዋለ የሚቀረው 7 ነው፤ እርሱም ለሁለቱ ጎን ሦስት ከግማሽ፣ ሦስት ከግማሽ ሆኖ ለማሟያ ይከፈላል። አየር ስለሚያገኝ ሰፌዱ አይሻግትም። ያው ቦታ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሠፈር ጄሪካን ማቆሚያም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን የካቢኔቱ ወለል ጄሪካኑን አይሸከም፣ ሴራሚኩ ላይ ይቁም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ እርጥበቱም አለ።

ከ15 በታች የሆነችው ትዘጋለች። ትክክለኛው መንገድ ወርክሾፖች ፊለር የሚሉት ማሟያ ነው። ከካቢኔቱ በር ጋር አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ቀጭን ጣውላ ይቆረጥና ከሳጥኑ ጎን በውስጥ በኩል በብሎን ይታሰራል። ልዩነቱ ያለው ግድግዳውን በሚነካው ጠርዝ ላይ ነው። ጠማማ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ቢለጥፉ ክፍተቷን አሳነሷት እንጂ አልዘጓትም። አዋቂው እንዲህ ያደርጋል፤ ጣውላውን በመጠኑ አስፍቶ ይቆርጥና ቱንቢውን ጠብቆ ከግድግዳው ጋር ያስጠጋዋል፤ ከዚያ እግሩ የተከፈተ ኮምፓስ ይይዛል፤ አንዱ እግር ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ እርሳስ የታሰረበት ሌላው እግር በጣውላው ላይ እየጻፈ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የግድግዳው ጠመዝማዛ መስመር ጣውላው ላይ ይገለበጣል። በዚያ መስመር ሲቆረጥ ጣውላው ግድግዳውን እንደ ልብስ ይገጥመዋል። ሠላሳ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ወርክሾፖች በር ሲቆርጡ የተረፈውን ቁራጭ ጥለው ስለሚመጡ፣ ማሟያ ሲጠየቁ ሌላ ቀለም ያለው ነገር ይዘው ከተፍ ይላሉ። ትዕዛዝ ሲሰጡ ከበሩ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በትርፍነት እንዲመጣ ያስጽፉ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፀጉር ያህል መስመር ነው፤ እርሱ ለሲሊኮን ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር ላውግዝ። ሲሊኮን ግንብ አይደለም። ከአምስት፣ ስድስት ሚሊ ሜትር በላይ የሆነን ስንጥቅ በሲሊኮን መሙላት ለጊዜው ያምራል፣ ኋላ ግን ይሰረጉዳል፣ ይላቀቃል፣ ጥቁር ሻጋታም ያወጣል። የግድ ከሆነ በመጀመሪያ ከውስጥ ስፖንጅ መሰል ገመድ ተጠቅጥቆ ሲሊኮኑ ከላይ ስስ ሆኖ ይሰመራል። ደረቁ ቦታ ላይ፣ ማለትም ከላይኛው ካቢኔት ጎን፣ ቀለም የሚቀበለው አክሪሊክ ይሻላል፤ ሲሊኮን ቀለም አይዝም። ዕቃ ማጠቢያው አካባቢ ግን አክሪሊክ ውኃ አይችልምና ሲሊኮን ይሁን። የላዩ እምነበረድ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አያስነኩት፤ አሲዱ ድንጋዩን ሊያበላሽ ይችላል፤ ሽታ የሌለውን ይጠይቁ።

በግራናይቱ ኋላና በግድግዳው መካከል ያለችውን ስንጥቅ ማንም አያያትም፤ ጉዳቷ ግን ከሁሉ ይከፋል። ዕቃ ሲታጠብ የሚረጨው ውኃ በዚያ ወርዶ የካቢኔቱን ጀርባ ያገኘዋል። ካቢኔቶቻችን በአብዛኛው ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ ስለሆነ ውኃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁም ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ጠርዙ የተነፋ ካቢኔት ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

በላይኛው ካቢኔትና በኮርኒሱ መካከል ያለው ቦታም ክፍተት ነው። የምግብ ቅባት ከእንፋሎት ጋር ወጥቶ እዚያ ያርፋል፣ አቧራው ይለጠፍበታል። ከተቻለ ካቢኔቱ ኮርኒስ ድረስ ይድረስ፤ ካልተቻለ ፊቱ በጅብሰም ወይም በጣውላ ይዘጋ። ታች ያለው ዞኮሎ ደግሞ በሙጫ አይለጠፍ፤ በእጅ ተስቦ የሚወጣ ሲሆን ውስጡን መጥረግም፣ በረሮ ማጥፊያ ማኖርም ይቻላል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ማን ይክፈል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 ላይ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ደግሞ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይተረጉማል። እዚያ ውስጥ “ውጤት” የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ያዘዙት ሳጥኖች አይደሉም፤ በዚያ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ካቢኔት ነው። ግድግዳው ጠማማ መሆኑን ለክቶ የሚያውቀው ባለሙያው ነውና በኋላ ግድግዳውን መክሰስ አያዋጣውም። እርግጥ ዋናውን ጣውላ የሚያቀርበው ሠሪው ሲሆን ጉዳዩ የሽያጭ ውል ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፤ ክርክሩም መሠረት አለው። እንዲያም ቢሆን ለገዢው ሌላ ግዴታ ይመጣበታል እንጂ መብቱ አይጠፋም፤ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ዝም ብሎ ስድስት ወር የተቀመጠ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ነገር ግን በቃል የተባለን ነገር ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። ጠቡ የሚነሳው ደግሞ ከአንዲት ቃል ነው፤ “በሜትር”። ዋጋው በሜትር ወይም በካሬ ሜትር ከሆነ ማሟያው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አንዲት ጎረቤቴ ይህ ሳይነገር ቀርቶ 11 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቀረባቸው፤ ወርክሾፑ “እትዬ፣ ፊለር ለብቻው ነው የሚከፈለው” አላቸው። እርሳቸው የካቢኔት ዋጋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነገራቸው መስሏቸው ነበር። ሁለቱም ከልባቸው የሚያምኑትን ነው የተናገሩት፤ ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው “ኪችን ካቢኔት፣ 4 ሜትር” ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ “ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ማሟያና ዞኮሎ ጨምሮ፣ ልኬቱን የወሰደው ሠሪው ነው” የምትል አንዲት መስመር ትግባ። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው፤ ያቺ መስመር ሕግዎ ናት።

ሌላው ቀብድ ነው። በየወርክሾፑ “ቀብድ ይክፈሉ” ይባላል፣ ደረሰኙም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። በሕጋችን ግን ቀብድ ከቅድሚያ ክፍያ ይለያል። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የተቀበለውም አጠፌታውን መልሶ ሊተው ይችላል። ግማሽ ዋጋ በቀብድ ስም ከፍሎ ኋላ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ሙሉውን ሊያጣ ነው። “ቅድሚያ ክፍያ” ተብሎ ይጻፍ። ቢያንስ ከዋጋው አንድ አምስተኛው ደግሞ ማሟያው፣ ሲሊኮኑና ዞኮሎው አልቆ ርክክብ እስኪፈረም ይቆይ። ከመቶ ምክር ይህች አንዷ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ፤ አናጢን ወደ ተተወ ሥራ የሚመልሰው ያልተከፈለ ገንዘብ ነውና።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ክፍተቷ ከታየችስ? ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት ማስጠንቀቂያ አለ። ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመም የሚል ወገን በቅድሚያ ሌላውን ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ለዚህ ረጅም የጠበቃ ደብዳቤ አያስፈልግም። ክፍተቷን ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሱ፤ ስፋቷ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው ሳጥን ጎን እንዳለች፣ በስንት ቀን ውስጥ እንድትስተካከል እንደሚፈልጉ በአንድ ገጽ ጽፈው በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ የመቀበያ ፊርማ ይውሰዱ። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዘው ይስጡት። ከዚያ በኋላም ካልመጣ በሌላ ባለሙያ ያስገምቱና ግምቱን በወረቀት ይያዙ። ለአንድ ማሟያና ለአንድ ቱቦ ሲሊኮን የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከዳኝነት ክፍያውና ከምልልሱ ያንሳል፤ ስለዚህ ግምቱን ለመጀመሪያው ሠሪ አሳይተው ግማሹን እንዲችል መደራደር፣ ቁራጩንም ከዚያው በር ከተቆረጠበት ጣውላ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይሻላል። ያ ቀለም በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።